ሦስት መስመር ለማቃናት 1,460 መስመር

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ቀን ቀን ሞባይል እጠግናለሁ፤ ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖር፣ ኮድ እጽፋለሁ። ለእህቴ ልጅ የክትባት ቀን ልመዘግብ ስል አፕሊኬሽኑ ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› አለኝ። ልጁ የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነው። ነገሩን ተከታትዬ ሥሩ ድረስ ወረድኩ፤ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ውስጥ ሆኖ አገኘሁት። ኮዱ ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ነው ጳጉሜንን 6 የሚያደርጋት፤ ስሕተቱ ይህ ነው። አስተካከልኩት። እግረ መንገዴንም የወራቱን ስም በአማርኛ ጨመርኩ፣ ባሕረ ሐሳቡን ከጓደኛዬ ኮድ ወስጄ አሻሽዬ አስገባሁ፣ የተዝረከረከውን ሁሉ አጸዳሁና ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ‹ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ› የሚል ጥያቄ፣ ላክኩ። 37 ፋይል፣ 1,460 መስመር። 19 ቀን ዝም አሉኝ። ከዚያ 31 አስተያየት ጻፉብኝ፦ ይህ ደንብ ከየት መጣ፣ ይህ ፊደል ለምን ከዚያኛው ይለያል፣ ከ2100 በኋላ ምን ይሆናል፣ ስምህን ፈርም። መጨረሻ ላይ ‹በዚህ መልኩ አንቀበለውም፤ ከፋፍለህ አምጣው› አሉ። አማርኛ የማያነብ ፈረንጅ የኛን ዘመን አቆጣጠር ሊያርመኝ! ጓደኛዬ ‹ፎርክ አድርግና፣ ኮዱን ገልብጠህ፣ የራስህን አውጣ› ይለኛል። ሌላም ጣጣ አለብኝ። እዚሁ ከተማ ከሦስት ሰዎች ጋር ለነጋዴዎች የሒሳብ ሶፍትዌር እንሠራለን። አንደኛው ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ የሳቸውን ኮድ ሪቪው የማደርገው፣ አንብቤ የማርመው፣ ደግሞ እኔ ነኝ። ስሕተት ሳይ እጄ ይታሰራል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ሊንኩን ስላያያዝህልኝ ገብቼ 31ዱንም አስተያየት አንድ በአንድ አነበብሁ። ሃያ ስምንቱ ልክ ናቸው። ሁለቱ የምርጫ ጉዳይ ናቸው፤ እንዲህም እንዲያም ቢሆኑ ችግር የለም። አንዱ ስድ ነው። አንተ የጻፍህልኝ ግን ሁሉም ስድ እንደሆኑ አድርገህ ነው። አልፈርድብህም፤ ሰው አምሽቶ የሠራው ነገር በቀይ ተሰምሮበት ሲያገኘው ቀድሞ የሚሰማው ስድቡ ነው።

ጥፋቱ ግማሹ የቃሉ ይመስለኛል። ሪቪውን «ግምገማ» ብለን ተረጎምነው። በኛ አገር ግምገማ ሲባል ደግሞ የስብሰባ አዳራሽ ነው የሚታየን፤ አንዱ ይነሣል፣ ሂሱን ይውጣል፣ በማግሥቱ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ቃሉን የሰማ ሰው ሆዱ ቢባባ አይገርምም። እኔ በበኩሌ «እርማት» ማለቱን እመርጣለሁ። የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ዳዊት የደገመ ልጅ እርማት ምን እንደሆነ ያውቀዋል፤ የኔታ ቃሉ ላይ ያስቆሙታል፣ ያቃናል፣ ይቀጥላል። ገበሬም ማሳውን የሚያርመው ስንዴውን ስለሚፈልገው ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። አንተ ፑል ሪኩዌስት ስትልክ ስጦታ የሰጠህ መስሎሃል። ለተቀባዩ ግን «ዋስ ሁነኝ» ያልኸው ነው። ዕቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ አምጣ ይባል የለ? ዋሱ የሚጨነቀው ሰውየው ከተማ ቢቀይር ከፋዩ እሱ ስለሆነ ነው። መርጅ (አዋህድ) የሚለውን የሚጫነው ሜንቴነርም፣ የኮዱ ጠባቂ፣ እንደዚያው ነው። አንተ ነገ ሥራ ትቀይራለህ፣ ታገባለህ፣ ኢሜይልህ ይጠፋብሃል። ከሦስት ዓመት በኋላ ባሕረ ሐሳብህ ፋሲካን ሐሙስ ቀን ቢያውለው የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ያውም ደመወዝ ሳይከፈለው፣ ከራሱ እንቅልፍ ቀንሶ። 31 ጥያቄ የጠየቀህ ሰው ዋስ ልሁን አልሁን እያለ ሲያስብ የነበረ ሰው ነው። ዋስ መሆን የማይፈልግ ሰው አንድም አይጠይቅህም፤ ዘግቶህ ይሄዳል።

«ክፍት ከሆነ ለምን ይከለክሉኛል?» የምትል ከሆነ መንዝ ጓሳን አስብ። ጓሳ የማንም የግል አልነበረም፤ ሣሩ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆን ነበር። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ግን ሰዉ ራሱ በመረጣቸው ጠባቂዎች እየዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጦ እየከፈተ ነው ያጨደው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ሁሉም እንደ ፈለገ ገባ፣ ጓሳውም ተጎዳ። ክፍት ኮድም የጋራ ግጦሽ ነው፤ ጠባቂ አለው።

ወደ አስተያየቶቹ ልግባ፤ ሁሉንም አላነሣም፣ ያንገበገቡህን ብቻ።

«ይህ ደንብ ከየት መጣ?» አንተ አያትህ «ዘንድሮ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ናት» ሲሉ እየሰማህ አደግህ። ጠያቂው እንዲህ ያለች አያት የለችውም። መልስህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች። 2011፣ 2015ና 2019 እንዲህ ናቸው፤ 2012ና 2016 አይደሉም። እነዚህን አምስት ዓመታት ቴስት (ኮዱ ልክ መሥራቱን የሚፈትሽ ሙከራ) አድርገህ ከኮዱ ጋር ብትልካቸው ኖሮ ጥያቄው ባልመጣ። አንተ ግን «ይህ ማንም ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ነው» ብለህ መለስህለት። እውነት ነው፤ ግን ላይብረሪውን የጻፈውም ሰው አላወቀውም ነበር፣ የእህትህን ልጅ «የለም» ያሰኘውም ይኸው ነው።

«ከ2100 በኋላ ምን ይሆናል?» ይህን ሳነብ መጀመሪያ እኔም ሥራ ፈት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ኮድህን አየሁ። እንቁጣጣሽን ሴፕቴምበር 11 ላይ፣ ከሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ደግሞ 12 ላይ ቸንክረሃታል። እኛ በኖርንበት ዘመን ልክ ነው። ፈረንጆቹ ግን በመቶ ዓመቱ መዝጊያ፣ ለ400 ካልተካፈለ በስተቀር፣ የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ይተዋሉ፤ እኛ አንተውም። ስለዚህ ከ2100 እ.ኤ.አ. በኋላ እንቁጣጣሽ 12ና 13 ላይ ትሄዳለች፤ ከ1900 በፊት ደግሞ 10ና 11 ላይ ነበረች። ወደ ፊቱ ሩቅ ነው ካልህ ወደ ኋላ ሞክረው። እኔ የካቲት 23 ቀን 1888ን አስገባሁበት። ኮድህ ማርች 2 ቀን 1896 ብሎ መለሰልኝ። የዓድዋ ጦርነት የተዋጋነው በነሱ ማርች 1 ነው። ምኒልክ ከተወለዱባት ከአንጎለላ ጎረቤት ተቀምጠህ ዓድዋን በአንድ ቀን አዘገየኸው! ከዚህ ሊያወጣህ የነበረው ያ አማርኛ የማያነበው ፈረንጅ ነው።

ሦስተኛው የፊደሉ ነው፤ ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። አንዱ ፋይል ላይ «ሐምሌ»፣ ሌላው ላይ «ሀምሌ» ጽፈሃል። ለኛ ጆሮ አንድ ናቸው። ዩኒኮድ ውስጥ ግን፣ የኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ሲገባ፣ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 የሚል መለያ ተሰጥቷቸዋል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። «ሐምሌ» ብሎ የሚፈልግ ተጠቃሚ «ሀምሌ» የተባለውን አያገኘውም። እኛ በድምፅ ስለምናነብ ዓይናችን አልፎት ይሄዳል። እሱ ማንበብ ስለማይችል ቅርጹን ብቻ አየና ያዘው። ያበሳጨህ አለማወቁ ነበር፤ ስሕተቱን ያሳየውም ያው አለማወቁ ነው።

«ስምህን ፈርም» ያሉህ ታሪክ አለው። በ2003 እ.ኤ.አ. ኤስሲኦ የሚባል ኩባንያ የዩኒክስ ኮዴ ክፍት በሆነው በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ውስጥ ገብቷል ብሎ አይቢኤምን ከሰሰ። በዓመቱ የሊኑክስ ሰዎች በእያንዳንዱ ለውጥ ግርጌ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የሚል የፊርማ መስመር ማስገባት ጀመሩ። ትርጉሙ «ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ወይም ለማስተላለፍ መብቱ አለኝ» ነው። ለውጡን ተቀብሎ ወደ ላይ የሚያሳልፈው ሜንቴነርም ከሥርህ የራሱን ይፈርማል፤ ዋስ በዋስ ላይ እየተደረበ ላይ ይደርሳል። ሌሎች ብዙ ፕሮጀክቶችም ልማዱን ወሰዱት።

እዚህ ላይ ደብዳቤህ ውስጥ ጣል አድርገህ ወዳለፍሃት ነገር ልመልስህ፦ «ባሕረ ሐሳቡን ከጓደኛዬ ኮድ ወስጄ አሻሽዬ»። ጓደኛህ ይህ እንዲወጣ ፈቅዷል? እሱስ ከየት አመጣው? ለመሥሪያ ቤቱ የጻፈው ከሆነ ባለቤቱ መሥሪያ ቤቱ ሊሆን ይችላል። አስተያየት ሰጪዎቹ ይህን ሳያውቁት ነው ትክክለኛው ቦታ ላይ ጣታቸውን ያሳረፉት። ሳትፈርም ቆመሃልና እግዜር ጠበቀህ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስሕተት ያልፋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዋ ዕለት፣ ማታ፣ ኦፕን ኤስኤስኤል ወደሚባለው የምስጢር መጠበቂያ ሶፍትዌር አንድ ለውጥ ገባ። አራሚ አንብቦት ነበር። ላኪው «የላክሁልህ ይህን ያህል ነው» ያለውን ርዝመት ሳያጣራ የሚያምን ቦታ ነበረበት፤ ጸሐፊውም አራሚውም አላዩትም። ሃርትብሊድ ተብሎ ዓለምን ያስደነገጠው በኤፕሪል 2014 ነው። ማታ፣ የዓመቱ መጨረሻ፣ አንድ አንባቢ። አንተም ማታ ነው የምትሠራው፤ ጻፍ፣ ግን ጧት ሳታነበው አትላክ።

በ2024 እ.ኤ.አ. የታየው ደግሞ የባሰ ነው። ኤክስዜድ የሚባል የፋይል መጭመቂያ አለ፤ ለዓመታት አንድ ሰው ነበር የተሸከመው። ማንነቱ እስካሁን ያልተረጋገጠ አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ደህና ደህና ለውጥ ሲልክለት ቆየ። ጎን ለጎን ሌሎች ስሞች ብቅ እያሉ ሜንቴነሩን «ዘገየህ፣ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ወጠሩት። የደከመው ሰው አመነ፣ ቁልፍ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ለሰርጎ ገብ የሚሆን የጓሮ በር ተቀበረበት። የተገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለ ዘገየበት «ይህ ምንድነው?» ብሎ በመቆፈሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የማያውቁት ሰው 1,460 መስመር ይዞ ሲመጣ ሜንቴነሮች ቢጠራጠሩ የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንህ አይደለም። ከበርሊንም ብትመጣ ያው ነው።

አሁን ምን ታደርጋለህ? የላክኸው ውስጥ አራት ጉዳይ ታጭቋል። ቆጠርሁት፦ 1,100 ያህሉ መስመር የመስመር መጀመሪያውን ክፍተት ከታብ ወደ ስፔስ የቀየርህበት ብቻ ነው። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ሹፌሩ ፊቱ ያለውን ሲኖትራክ አያይም፤ የፊት መብራቱ ራሱ ነጩን ነው የሚመልስለት። እነዚያ 1,100 መስመሮች ጭጋጉ ናቸው። የእህትህን ልጅ የምታድነዋ ሦስት መስመር ውስጡ ጠፋች። ልምድ ያላቸው አራሚዎች በአንድ መቀመጫ ከ200 እስከ 400 መስመር በላይ አታንብቡ ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ዓይን ያነባል፣ ልብ ግን የለም።

ማጽዳቱን ተወው። አልተጠየቅህም፣ የቤቱ ልማድም ታብ ነው፤ ሰው ቤት ገብተህ ወንበር አታዛውርም። ሦስቱን መስመር ከአምስቱ ቴስቶች ጋር ለብቻ ላክ። ማብራሪያው እንዲህ ይሁን፦

«ጳጉሜን 6ን በዘመነ ሉቃስ መቀበል። እስካሁን ኮዱ ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ጳጉሜንን 6 ያደርግ ነበር፤ ትክክሉ ቀሪው 3 ሲሆን ነው። በዚህ ምክንያት ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ ማለትም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ የለም ይባል ነበር። ለ2011፣ 2012፣ 2015፣ 2016ና 2019 ቴስት ተጨምሯል።»

በቃ። በእንግሊዝኛም ስትጽፈው ከዚህ አይርዘም። «ያደረግሁት» ብቻ ሳይሆን «ለምን» እንዳለበት ልብ በል፤ ምን እንደተቀየረ ዲፉ (የለውጡ ዝርዝር) ራሱ ያሳያል፣ ለምን እንደተቀየረ ግን ካንተ በቀር የሚነግር የለም። ይህ ከገባ በኋላ የእንቁጣጣሹን ቀን ይዘህ ተመለስ፣ ዓድዋን ቴስት አድርገህ። ከዚያ የወራቱን ስም፣ ሐምሌን በሐመሩ ሐ አንድ አድርገህ። ባሕረ ሐሳብን ከመላክህ በፊት ግን «ይህን ትፈልጋላችሁ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ብዙ ሰው ይህችን አንድ ጥያቄ ዘልሎ ነው የሦስት ወር ሥራው ወድቆ የሚቀረው።

19 ቀን ዝም ማለታቸው ያማል፣ አውቃለሁ። ሊኑክሶች ለአዲስ ላኪ በጻፉት መመሪያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቅ፣ ከዚያ አስታውስ ይላሉ። «ይህን ለማየት ጊዜ አግኝታችኋል?» ብሎ አንድ ጊዜ መጻፍ ነውር የለበትም። በየቀኑ መጻፍ ግን፣ የኤክስዜድን ታሪክ ነግሬሃለሁ።

ያ ስድ አስተያየት፣ «የጻፈው ሰው ቀን መቁጠሪያ አይቶ ያውቃል?» ያለው፣ መልስ አይገባውም። ሜንቴነሩ አይደለም፤ መንገደኛ ነው። ከደገመው ለሜንቴነሩ በግል ጻፍለት፤ አብዛኛው ትልቅ ፕሮጀክት ለዚህ የሥነ ምግባር ደንብ አለው።

ፎርኩን በተመለከተ መብትህ ነው፤ ፈቃዱ ይፈቅድልሃል። ሊብረኦፊስ የሚባለው የቢሮ ሶፍትዌር በ2010 እ.ኤ.አ. ከኦፕን ኦፊስ ተገንጥሎ ወጥቶ ዛሬ የብዙ ሰው መሣሪያ ሆኗል። ያኔ ግን የወጣው ብዙ ሰው ሆኖ፣ ማኅበር መሥርቶ ነው። አንተ ብቻህን ብትወጣ እነሱ ባግ (ስሕተት) ባረሙ ቁጥር እየተከተልህ መገልበጥ ነው ዕጣህ። የክትባቱ አፕሊኬሽን ደግሞ የነሱን እንጂ ያንተን አይጠቀምም፤ ልጁ እንደገና «የለም» ይባላል።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከደብዳቤህ ይበልጥ የከበደኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም እኔም ወድቄበታለሁ።

ወጣት ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሶፍትዌር ላይ እሠራ ነበር። አለቃዬ በዕድሜም በሙያም አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ አንቱ ብዬ እንጂ ቀና ብዬ አላያቸውም። ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የ1,200 መስመር ለውጥ ላኩልኝ። ፈረንጆቹ አራት ፊደል አላቸው፣ ኤልጂቲኤም የምትል፤ «ለኔ ጥሩ ይመስለኛል» ማለት ናት። አራት ደቂቃ ሳይሞላ እሷን ጻፍሁና ወደ ታክሲ ሮጥሁ። በወሩ መጨረሻ የጡረታው መዋጮ ከሰው ሁሉ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ተገኘ። ሦስት ቀን ሙሉ ለሠራተኛው እየደወልን ይቅርታ ጠየቅን። አለቃዬ አልተቆጡኝም። ብቻ በማግሥቱ ቡና እየጠጣን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አላነበብሽውም እንዴ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው። እኔ እያከበርኋቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ያመኑት ግን አንድ ሰው ከኋላዬ አለ ብለው ነው። ማንም አልነበረም።

ጋሼም ያንተን ዓይን ተማምነው ነው የሚልኩልህ። ይሉኝታህን ቤትህ ተወውና ና፤ ትሕትናህን ግን ይዘህ። «ይህ ስሕተት ነው» ብለህ አትጻፍ፤ ደግሞም «ምናልባት ቢታይ ጥሩ ይሆን ይመስለኛል» እያልህ ሰምና ወርቅ አታድርግባቸው፤ ኮድ ላይ ቅኔ አይዘረፍም። እንዲህ በል፦ «ጋሼ፣ ደንበኛው ምንም ዕቃ ሳይመዘግብ ደረሰኝ ቢቆርጥ 84ኛው መስመር ላይ በዜሮ ያካፍላል፤ ሞክሬው ፕሮግራሙ ቆመብኝ። ከመስመሩ በፊት ባዶነቱን እናጣራ?» ወይም፦ «የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ሦስት ቦታ ተጽፏል፤ መንግሥት ቢቀይረው አንዱን እንዳንረሳ አንድ ቦታ ብናደርገው ምን ይመስልዎታል?» የትኛው መስመር፣ ምን ሲሆን፣ ምን ይሆናል፤ እሳቸው የትም የሉበትም። አንቱታውም አይቀርም፤ ጊትሀብ፣ ኮዱ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ አንቱታን አልከለከለም።

ቀላል ቀላሉን ለማሽን ስጠው። ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ያልተጠቀሙበት ተለዋዋጭ፣ እነዚህን በየኮሚቱ (በየተመዘገበው ለውጥ) በራሱ የሚያጣራ ፕሮግራም አለ፤ ጋሼን «ነጠላ ሰረዝ ረሱ» የሚላቸው እሱ ይሁን። ማሽን ይሉኝታ የለውም፣ ቂምም አይያዝበትም። የቀረውን ደግሞ ለየው። ጉግል ለሠራተኞቹ አውጥቶ ለሁሉም የለቀቀው የእርማት መመሪያ ለውጡ ኮዱን ከነበረበት የሚያሻሽለው ከሆነ ፍጹም ባይሆንም አሳልፈው ይላል፤ ጥቃቅኗን አስተያየት ደግሞ ፊቷ ላይ «ኒት» ብለህ ጻፍባት፣ ቢተዋትም ችግር የለም ማለት ነው። መልስም ከአንድ የሥራ ቀን አይዝገይ ይላል። አራት ሰው ሆናችሁ አንድ ክፍል ውስጥ እየዋላችሁ ይህ አያቅታችሁም።

ሐሳቡ የሚያከራክር ሲሆን፣ ማለትም የመረጃ ቋቱ አሠራር ወይም የገንዘቡ ስሌት ላይ ስትለያዩ፣ ጽሑፍ ላይ አትማገቱ። ከጎናቸው ተቀመጥ፣ ቡና ይምጣ፣ ስክሪኑን አብራችሁ እዩት። ስትስማሙ የተስማማችሁበትን ሁለት መስመር አድርገህ እዚያው ሪቪው ላይ ጻፈው። በቃል የቀረ ነገር ሁለቱም ሌሎች ባልደረቦቻችሁ አያገኙትም፣ እናንተም በዓመቱ ትረሱታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ካሁኑ አስወስን። ዋናው ብራንች (የሁላችሁም ሥራ የሚገባበት ዋናው የኮድ ቅጂ) ላይ ማንም፣ ጋሼም አንተም፣ የሌላ አንድ ሰው ማጽደቂያ ሳይኖር መርጅ እንዳያደርግ ዝጉት። ጊትሀብ ላይም ጊትላብ ላይም በቅንብሩ ውስጥ አለ፣ ለግል ኮድ ግን በክፍያ ሊሆን ይችላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ደንቡ የሁሉም ከሆነ አንተ «የማርም» ሳትሆን ተራ የደረሰህ ትሆናለህ። ያንተንም ኮድ ጋሼ ያርሙት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ጊዜ ሲያርሙህ «እውነት ነው ጋሼ፣ አልታየኝም ነበር» በል፤ እሳቸውም ይህን ማለት እንደማይጎዳ ያያሉ። ሲያስተምሩህ ያላዩህ ዓይነት ሰው ሆነህ ቢያገኙህ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ባሕረ ሐሳቡን ጓደኛህ «ይህ የኔ ነው፣ በዚህ ፈቃድ ይውጣ» ብሎ በኢሜይል እስኪጽፍልህ ድረስ አቆየው። የቀድሞውን ፑል ሪኩዌስት «አመሰግናለሁ፣ ከፋፍዬ እመለሳለሁ» ብለህ ራስህ ዝጋው። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 የ2019 ነው፤ ሦስቱን መስመር ዛሬ ማታ ጻፋቸው፣ መብራት ካለ፤ ነገ ጧት አንብበህ ላካቸው።